ማሳ የሚጠብቀው ውሻ ምን ይብላ?

(በማንኪራ ለማታ ንባብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሻ ቀለብ ነው። አትሳቁብን። ርእሱን ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ከኋላ ወንበር «ደግሞ የውሻ ትምህርት መጣ!» ያላችሁትን ሰምተናል። እውነት ነው፤ ስለ ቡና፣ ስለ እንሰት፣ ስለ ልጆች ጤና ገና ያልተነጋገርነው ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን በዚህ አገር ጫካው ለሰው ቅርብ ነው። ለሰው ቅርብ ከሆነ ለዝንጀሮም ቅርብ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ይመጣል፤ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ይመጣል። ማማ ላይ የተቀመጠው ልጅ ወንጭፍ ይዟል፤ ነገር ግን አሳማው መምጣቱን የሚነግረው ማን ነው? ውሻው ነው። እንግዲህ የውሻ ነገር የበቆሎ ነገር ነው፤ የበቆሎ ነገር ደግሞ የቤተሰብ ነገር ነው።

መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። እኛ ተማሪዎቹ ከአንድ አባት ቤት አጠገብ ባለች ጎጆ ነበር የምንኖረው። ስማቸውን አንጠራም፤ እሳቸውም አሁን እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ቡላ መልክ ያለው ውሻ ነበራቸው። ለስንቅ የያዝነው በቆሎ ጆንያው መሬት ላይ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ ነበር የተቀመጠው። ጊዜው ክረምት ነው፤ የከፋን ክረምት ለእናንተ አንነግራችሁም። ጆንያውን ስንፈታው ከሥር ያለው በቆሎ ተጣብቆ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሻጋታ ለብሶ አገኘነው። ደህና ደህናውን ለራሳችን ለየን። የሻገተውን መጣል ግን ነውር መሰለን። «ለሰው አይሆንም፤ ለውሻ ይሁን» አልንና አስፈጭተን፣ ቂጣ እየጋገርን ለውሻው ሰጠነው። ሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ በላ። ጅራቱን ሲቆላልን ደግ የሠራን መስሎን ደስ ይለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ምግብ ተወ። አስመለሰው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ድዱም ቢጫ ሆነ። ዓይነ ምድሩ ጠቆረ። ብዙ ሳይቆይ ሞተ። በዚያው ሰሞን ለከብት ክትባት ከቦንጋ የመጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርና ጠየቅነው። እሱም መልሶ «ምን ነበር የሚበላው?» ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። «እንግዲያው ጉበቱን ነው የገደላችሁት» አለን።

ባለውሻው አባት ምንም አልተናገሩም። ሦስት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ «ልጆቼ፣ ለሰው ያልሆነ ለውሻ ይሆናል ያላችሁ ማን ነው? ፊደሉ ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በቆሎው ደርሶ ነበርና በተራ ማማ ላይ እያደርን ልንጠብቅላቸው ገባን። እኛ እንቅልፋሞች ነን፤ አሳማውም ይህን ቶሎ ተረዳ። በአንድ ሌሊት የማሳውን የታችኛውን ጥግ ጠረገው።

ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ነው ይህን ንግግር ያዘጋጀነው።

የሻገተ በቆሎ ውስጥ ምን አለ? ሻጋታ ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይበቅላል። አንዳንዱ ዓይነት ሻጋታ በእህሉ ውስጥ መርዝ ይተፋል። መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል። ስሙን መሸምደድ አያስፈልግም፤ ጠባዩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ይህ መርዝ በዓይን አይታይም። ቢታጠብ ተጠርጎ አይወጣም። ቢቀቀልም፣ ቢጋገርም፣ ቢቆላም አይጠፋም። የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ውሻ ደግሞ ለዚህ መርዝ በጣም ደካማ ከሆኑት እንስሳት አንዱ ነው።

ይህ በእኛ ጎጆ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 መጨረሻ) በአሜሪካን አገር በፋብሪካ የተሠራ የውሻ ምግብ ከሻገተ በቆሎ ተዘጋጅቶ ብዙ ውሾች ሞተዋል። ፋብሪካ ነው፤ መኪና አለው፤ ላቦራቶሪ አለው፤ ቢሆንም ተሳሳተ። ከዚህ የሚብሰው ግን በጎረቤታችን በኬንያ የደረሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004) በምሥራቅ ኬንያ ገበሬዎች ርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ በልተው 125 ሰዎች ሞተዋል። ውሾች አይደሉም፤ ሰዎች ናቸው። ያ እህል እንደ እናንተው በጓሮ የተመረተ፣ በቤት የተከማቸ እህል ነበር።

ስለዚህ የሻገተ በቆሎ ለውሻም፣ ለዶሮም፣ ለላምም አይሰጥም። ላሟ ብትበላው መርዙ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን የሚጠጣው ልጅ ነው። የሻገተውን መቅበር ነው የሚሻለው። ያሳዝናል፤ እናውቃለን። የዘራው ሰው እጅ እህል መጣል አይችልም።

ከሁሉ የሚሻለው ከመጀመሪያው እንዳይሻግት ማድረግ ነው። በቆሎው መድረቁን እንዴት እናውቃለን? እናንተ በጥርስ ትሰብሩታላችሁ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል ትላላችሁ። ጥሩ ነው። ሌላም ዘዴ አለ። አንድ ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ። ከተፈለፈለው በቆሎ ትንሽ ጨምሩበት፤ ጥቂት የደረቀ፣ የተፈጨ ጨው ጨምሩበት። ከድናችሁ በደንብ ነቅንቁት። ትንሽ አቆይታችሁ ተመልከቱ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና ርጥብ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ጨው ካልተጣበቀ ማስቀመጥ ይቻላል። ጨዉ ራሱ ርጥብ ከሆነ ግን ያታልላችኋል። ጆንያውን ደግሞ እንደኛ መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ ርብራብ እንጨት ይደረግ፤ ከግድግዳም ይራቅ።

እሺ፣ የሻገተ አይብላ። ታዲያ ምን ይብላ?

ውሻ የተኩላ ዘር ነው። ተኩላ ሥጋ በል ነው። ውሻ ግን ከሰው ጋር ብዙ ሺህ ዓመት ስለኖረ ሆዱ የሰውን እህል ለመደ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የስዊድን ሳይንቲስቶች የውሻንና የተኩላን ዘር አወዳድረው፣ ውሻ እህል የሚፈጭበት ችሎታ ከተኩላው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ «ውሻ ያለ ሥጋ አይኖርም» የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በቆሎም፣ ቆጮም፣ ጎደሬም ይበላል።

ነገር ግን በሌላ ትምህርት ስለ ልጆች ምግብ የተነጋገርነውን አስታውሱ። ኃይል ሰጪ ምግብ አለ፤ ገንቢ ምግብ አለ፤ በሽታ ተከላካይ ምግብ አለ። ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ሌሊት ያስሮጣል፤ ገንቢው ነገር ግን በጣም ትንሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቆጮ ብቻ የሚበላ ውሻ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ቡችሎቿ ይቀጭጫሉ። በቆሎ ከቆጮ ይሻላል፤ ብቻውን ግን እሱም አይበቃም። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ከመስጠት ማደባለቅና ማፈራረቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውሻ እንደ ሰው «ሰለቸኝ» ብሎ አያማርርም፤ አካሉ ግን የጎደለውን ያውቃል።

ገንቢውን ከየት እናምጣ? ሥጋ ግዙ ልንላችሁ አልመጣንም። እናንተ ሥጋ የምትበሉት ስንት ቀን ነው? አደንጓሬ አለ፤ ባቄላ አለ፤ አተር አለ። አደንጓሬ በደንብ መቀቀል አለበት፤ ጥሬው ወይም ለብ ለብ የተደረገው ለውሻም ለሰውም ሆድ ይረብሻል። ቅቤ ስትንጡና አይብ ስታወጡ የሚቀረው አጓት አለ፤ ትንሽ ትንሽ ሲሰጠው ጥሩ ነው። ከብት ሲታረድ የተቀቀለ ደም፣ የተቀቀለ ሳንባ አለ። የተቀቀለ ዱባና ጎመን ጨምሩበት። እንቁላልም መልካም ነበር። እንቁላል ላይ ግን እኛም ከእናቶች ጋር ነን፤ በቤቱ ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ እንቁላሉ ለልጁ ይቅደም። ጎደሬ ሲሰጠው የበሰለ ይሁን፤ ጥሬው አፉንና ጉሮሮውን ይበላዋል።

አሁን ስለ ደረቅ ቀለብ እንናገር። ከእናንተ መካከል አዲስ አበባ የሄደ ሰው በአንዳንድ ትልልቅ ሱቆች በከረጢት የታሸገ፣ እንደ ጠጠር የደረቀ የውሻ ምግብ አይቶ ይሆናል። ታሪኩ የቆየ ነው። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ለንደን ከተማ ወደብ ላይ ውሾች የመርከበኞችን ደረቅ ብስኩት ሲበሉ አየ ይባላል። እሱም በ1860ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከሥጋ የውሻ ብስኩት እያሠራ መሸጥ ጀመረ። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ በቆሎ፣ የሥጋ ዱቄት፣ ስብና ቪታሚን ደባልቀው በእንፋሎት አብስለው፣ በመኪና ገፍተው እያወጡ ያደርቁታል። በከረጢት የተጻፈውን ማንበብ የቻለ ሰው ያው በቆሎ መሆኑን ያያል። ሳይበላሽ የሚቆየው በዋናነት ውኃው ስለወጣለት ነው።

ይህን በእኛ ቤት መሥራት ይቻላል። ሦስት ጣሳ የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ ጣሳ የተቆላ ባቄላ ወይም አተር ዱቄት ደባልቁ። ከተገኘ ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተወቀጠ ሳንባ አንድ እፍኝ ጨምሩ። በርበሬና ሽንኩርት አይግባበት። ስስ ቂጣ አድርጋችሁ ጋግሩ። ከዚያ ቆራርሳችሁ ከምድጃው በላይ፣ ጢሱና ሙቀቱ ከሚደርስበት ቆጥ ላይ አድርቁት። ሲሰብሩት ቀሽ ካለ ደርቋል። በቅል ወይም ክዳን ባለው እንስራ አስቀምጡት፤ ከሁለት ሳምንት በላይ አታቆዩት። ዝናብ ሲበረታ በየሁለት ቀኑ እየከፈታችሁ አሽትቱት። ሻጋታ ሻጋታ ካለ ከእኛ ውሻ ተማሩ።

አንድ ማሳ የሚጠብቅ አዋቂ ውሻ ከዚህ ደረቅ ቂጣ በቀን ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ይበቃዋል። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ወደ ማማ ከመሄዱ በፊት ስጡት። ሚዛን የሌለው ሰው እጁን በጎኑ ላይ ያሳልፍ። የጎን አጥንቱ በእጅ ከተዳሰሰ፣ ነገር ግን በሩቁ የማይቆጠር ከሆነ ልክ ነው። ከሩቅ ከተቆጠረ ጨምሩለት። የምታጠባ ውሻ ከወትሮዋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ትፈልጋለች። ቡችላ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው። ደረቅ የሚበላ ውሻ ውኃ ይጠማዋል፤ ንጹሕ ውኃ በገል ይቀመጥለት።

ቀለብ ሲለወጥ ደግሞ ቀስ ተብሎ ነው። ቆጮ የለመደን ውሻ በአንድ ቀን ወደ በቆሎ ቂጣ ብታዞሩት ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ሦስት እጅ ከድሮው፣ አንድ እጅ ከአዲሱ ስጡት። ከሁለት ቀን በኋላ እኩል ይሁን። ከዚያም ሦስት እጅ ከአዲሱ። በሳምንቱ ሙሉ በሙሉ አዲሱን ይብላ።

እዚህ ላይ የፋሲካን ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ትቀየሙናላችሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የሚጾም ቤት ወተት አይጠጣም፤ ሥጋ አይበላም። ውሻው ጾመኛ ባይሆንም ከቤቱ ጋር ይጾማል፤ የሚያገኘው ቆጮና ቂጣ ነው። ከዚያ በአንድ ሌሊት በግና በሬ ይታረዳል። ስቡ፣ አንጀቱ፣ ሳንባው፣ አጥንቱ በጓሮ ይጣላል። የከሳው ውሻ እስኪያቅተው ይበላል። በማግስቱ ያስመልሰዋል፤ ተኝቶ ያቃስታል፤ ሰዎች «ዓይን በላው» ይላሉ። ዓይን አይደለም፤ ስብ ነው። በጾሙ ወራት የባቄላና የአደንጓሬ ቂጣ ብትሰጡት፣ በፋሲካም በልክ ብትሰጡት ይህ አይደርስም።

ከስቡ የሚከፋው ግን ጥሬው ሳንባና ጉበት ነው። ከብት ስታርዱ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ፣ ነጭ እባጭ ያያችሁ አላችሁ? ሁላችሁም አይታችኋል። ሰው ይህን አይበላም፤ ቆርጦ ለውሻ ይጥላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በእባጩ ውስጥ በጣም ትንሽ የኮሶ ዘር አለ። ውሻው ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ትንንሽ የኮሶ ትል ይሆናል፤ ርዝመቱ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ውሻው አይታመምም፤ እንቁላሉን ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር በግቢው ይበትናል። ሣሩን በግ ትበላለች፤ እንደገና እባጭ ይይዛታል። ልጅ ደግሞ ውሻውን ዳስሶ፣ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው እባጭ ቀስ እያለ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ ያድጋል። ሲታወቅ የሕክምና መድኃኒት ወይም ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ልብ በሉ፤ ሰው ይህ በሽታ የሚይዘው ጉበት በመብላቱ ሳይሆን ከውሻው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ እባጭ ያለበትን ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ደህናውንም ቢሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይፈላ ለውሻ አትስጡ። ለውሻ የሚሆን የኮሶ መድኃኒትም አለ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁት። ልጆች እጃቸውን ይታጠቡ።

አጥንት? ጥሬ የበሬ ትልቅ አጥንት ቢግጥ ክፋት የለውም። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ እሾህ ይሾላል፤ አንጀት ይወጋል።

ከቡና አገር ነንና ስለ ቡናም አንድ ነገር እንበል። ቡና ሰውን ያነቃል፤ ውሻን ግን ይመርዛል። ፍሬውም፣ የተወቀጠውም፣ አተላውም ያው ነው። የበላ ውሻ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ብዙ ከበላ ይሞታል። «ሌሊት እንዳይተኛ» ብሎ ለውሻው የቡና አተላ የሰጠ ጎረምሳ እንዳለ ሰምተናል፤ እሱ ራሱ ይጠጣውና ይንቃ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። የጠላ አተላ ለከብት እንጂ ለውሻ አይሆንም።

«ይህን ሁሉ ድካም ለውሻ?» የሚል ሰው ይኖራል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ትላላችሁ፤ እኛም ከዚህ ሌላ የምንለው የለንም። ቤቱ የማይበላ ውሻ ይዞራል። በየመንደሩ ጥንብ ይፈልጋል። ሲዞር ከእብድ ውሻ ጋር ይገናኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መዳን አለ፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መንገዱ ይታወቃል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻውም በየዓመቱ ይከተብ። ጠግቦ ቤቱ የሚውል ውሻ ለዚህ ሁሉ አይጋለጥም ባይባልም፣ ይቀንሳል።

ያ ባለውሻ አባት አዲስ ቡችላ አምጥተዋል። ዋጋውን እኛ ልንከፍል ፈልገን ነበር፤ «ተዉት፣ አስተምሩኝና ይበቃል» አሉን። ባለፈው ሳምንት በቤታቸው በር ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር አየን። ራሳቸው ናቸው የጻፉት። «ጧት ቂጣ። ቀን አጓት። ማታ ቂጣ። የሻገተ የለም» ይላል። ቡችላው ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ለማማ አልደረሰም። ለጊዜው ማታ ከንባብ ስንመለስ በእኛ ላይ ይጮኻል።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።